ሰርገኞቹ በየት ይመለሱ

መስከረም 24፣ ሰኞ

41 ሳንቲ። ትናንትም 41። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ የውሃውን ከፍታ መለኪያ አየሁ፣ ደወልኩ። የውኃ መሥሪያ ቤቷ ልጅ እንደ ሁልጊዜው "አርባ አንድ፣ ተቀብያለሁ፣ ደህና ይዋሉ" ብላ ዘጋች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ለከተማ ሰዎች አንድ ቁጥር መንገር... ይሄም ሥራ ነው።

ወንዙ ደርቋል ማለት ይቻላል። ድንጋዩ እንደታጠበ ልብስ ነጭ ሆኖ ተሰጥቷል። ፏፏቴውም፣ ሰው "ናያጋራ" እያለ የሚቀልድበት የኛ ፏፏቴ፣ እንደተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ከዋና ከተማው ከፖድጎሪጻ ሁለት ሴቶች ፎቶ ሊነሱ መጥተው "ይሄ ነው እንዴ?" ብለው ሄዱ። እኔ ግን ደስ አለኝ። የደረቀ ወንዝ ማንንም አይወስድም።

ዞርካ ሳቀችብኝ። "ልጅህ ባልሻ ሊያገባ ሃያ ቀን ቀርቶታል፣ አንተ ወንዝ ደረቀልኝ ብለህ ትደሰታለህ። ምን ዓይነት ባል ነው የሰጠኝ!"

ሃያ ቀን። ጥቅምት አጋማሽ ማለት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ደግሞ ዝናብ ነው... ለምን አሁን ይሄን አሰብኩ?

መስከረም 27፣ ሐሙስ

41። ቩኮታ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ እስካሁን በር አያንኳኳም። የሰርገኞቹ አለቃ እሱ እንደሚሆን ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አልከለከለው። አረቄውን ቀዳ፣ ጠጣ፣ ጀመረ።

"ስማኝ ኖቪጻ። ስንሄድ በትልቁ ድልድይ። ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት እናወጣለን፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ፏፏቴው ጋ ፎቶ ይነሳሉ። ስንመለስ በመሻገሪያው።"

ልቤ ስንጥቅ አለ። "ለምን በመሻገሪያው?"

"ለምን? ሰርገኛ በሄደበት መንገድ ሲመለስ የት አይተሃል?"

የትም አላየሁም። ሙሽራ ይዘው በሄዱበት መመለስ ክፉ ነው፣ መንገዱ ላይ የሚጠብቅ ነገር አለ ይባላል። እኛ ከወንዙ ወዲህ ነን፣ የሙሽራዋ የኔቬና ቤተሰቦች ወዲያ። በመሀላችን ሁለት መንገድ ብቻ አለ። አንዱ በከተማው በኩል የሚዞረው ድልድይ፣ ሌላው ከፏፏቴው ራስ ላይ ያለው የሲሚንቶ መሻገሪያ። መሻገሪያው የአንድ መኪና ስፋት ነው። መከታ የለውም። መለኪያዬ 150 ሲል ውሃ ከላዩ ይሄዳል። ከዚያ በግራ በኩል ያለው ፏፏቴው ነው።

"ገልብጠን በመሻገሪያው ሄደን በድልድዩ ብንመለስስ?"

"ከፏፏቴው ቤትህ አምስት ደቂቃ ነው። ሙሽራ ይዤ ከተማ ውስጥ የትራፊክ መብራት እየጠበቅኩ ልቁም? ደግሞ የምን ውሃ? ድመት እንኳ አይሰጥምበት!" ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ "እሺ። የዛን ዕለት ጠዋት ቁጥርህን ትነግረኛለህ። ውሃ ካለ እንገለብጠዋለን። ከሌለ አፍህን ትዘጋለህ" አለ።

"እሺ።"

"ፈሪ ለናቱ!"

"እናታችን ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ ነው።"

"እንግዲያው ለማን ብለህ ነው የምትፈራው?"

ዞርካ በሳቅ ፈነዳች። እኔም ሳቅኩ። በኛ አገር ወንድ ልጅ አመመኝ ይላል፣ ደከመኝ ይላል፣ ሰክሬያለሁ ይላል። ፈራሁ አይልም። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው የምለው። ፈራሁ።

ጥቅምት 1፣ ሰኞ

40። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ደመና ፈልጌ አጣሁ። ይሄም አስፈራኝ።

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ

66። ሁለት ቀን ዘነበ። ኔቬና ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ከተማ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። "አባባ፣ ፎቶ የምንነሳበትን ቦታ እንምረጥ፣ ባልሻ ስለ ፎቶ ምንም አያውቅም" አለችኝ። አብረን ሄድን።

ፏፏቴው ነፍስ ዘርቷል። ውሃው እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል። ምግብ ቤቱ ሞልቷል፣ ዳክዬዎቹ ዳቦ ይለምናሉ፣ አንዲት ሌላ ሙሽራ ቀሚሷን ሰብስባ ተራ ትጠብቃለች። ያምራል። ሐቁን ልናገር፣ ያምራል። ለዚህ ነው የማላምነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ኔቬና ጫማዋን አውልቃ ጫፉ ድንጋይ ላይ ቆመች። ድንጋዩ አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሷል።

"ውረጂ ልጄ።"

"ከዚህ ቆንጆ ነው የሚታየው!"

"ውረጂ አልኩሽ!" ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ሰዎች ዞሩ። ወረደች። ተቀየመች ብዬ ነበር፣ እሷ ግን አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

"አባባ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነዎት?"

"ሁልጊዜ።"

"አይደክምዎትም?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ይደክመኛል አልኳት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ዝናቡ የሚዘንበው ከድንበሩ ወዲያ አልባኒያ ተራራ ላይ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ወጥቶ ልጆች ሲጫወቱ ውሃው ከስድስት ሰባት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ቀለሙ ይለወጣል፣ ከዚያ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ፏፏቴው ደግሞ ድምፁ ይወፍራል፣ ከታች ያለው ውሃ ሲነሳ መውደቂያው ያጥራልና። ሰው ፏፏቴ ሲጮህ ይፈራል። መፍራት ያለበት ድምፁን ሲውጥ ነው።

አዳመጠችኝ፣ አልሳቀችም። በመጨረሻ "የኔ ወንድሞች እንዲህ ያለ ነገር ቢያውቁ ይኩራሩበት ነበር" አለች።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይቺን ልጅ ውሃ ቢወስዳት እያልኩ መጣሁ። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ያለኝ?

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

58። ባልሻ መኪናውን እያጠበ፣ "አባዬ፣ የመንገዱን ነገር ደግመህ እንዳታነሳ። አጎቴን ታውቀው የለ፣ ሰርጌን ያበላሽብኛል" አለኝ። አላነሳም አልኩት። ቁጥሩ ያነሳዋል፣ እኔ ምን አገባኝ።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

55። የአየር ትንበያው ቅዳሜና እሁድ እዚህ ብራ ነው አለ። ዞርካ እልል አለች። እኔ የአልባኒያን ጠበቅኩ። ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ። ከባድ።

ለዞርካ አልነገርኳትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል... አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት 55። ማታ ደግሜ ወረድኩ፣ 62። ግዴታዬ ጠዋት ብቻ ነው፣ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ።

ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። በግ ታርዷል፣ ጥብሱ ይሸታል። ቩኮታ ማዕዱ ራስ ላይ ተቀምጦ ያቺን የድሮ ታሪክ አወራ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከፏፏቴው እየዘለሉ፣ እኔ ግን ጫፉ ላይ ቆሜ ጫማዬን አውልቄ፣ ደግሜ አጥልቄ ወደ ቤት የሄድኩበትን። "ጫማውን እንኳ ሳያረጥብ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የኔቬና አጎት ደግሞ፣ ትልቁ ሰውዬ ሚሎኛ፣ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "እንዲህ ያለ አማች ይሻላል፣ ልጃችንን ከንፋስ ይጠብቃታል!"

አብሬ ሳቅኩ። ሲስቁብኝ አብሬ መሳቅ ከድሮም አውቅበታለሁ። ግን ባልሻን አየሁት፣ ሳህኑን እያየ ነበር። ልጄ በኔ አፈረ።

በምሥራቅ በኩል መብረቅ አየሁ። ድምፅ የለውም፣ ሩቅ ነው።

ጥቅምት 14፣ እሁድ፣ ጠዋት

118።

ሁለት ጊዜ አየሁት። 118። ለመሥሪያ ቤቱ 118 ብዬ ደወልኩ። ልጅቷ "መቶ አሥራ ስምንት? እየጨመረ ነው?" አለች። እየጨመረ ነው አልኳት።

ግቢ ስደርስ ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ቆመዋል። አኮርዲዮን፣ አረቄ፣ ከሰርገኛው ፊት የሚያዘው በፖም የተሸለመ ባንዲራ። ቩኮታ በሩቅ፣ "እህሳ የውሃው አለቃ! ስንት ነው ቁጥርህ? እንገልብጠው ወይስ አንገልብጠው?" አለ። ሁሉም ዞሩ። ሚሎኛ ገና ሳልናገር ፈገግ ብሏል። ባልሻ አየኝ። ዓይኑ "አባዬ፣ ዛሬን ብቻ" ይላል።

"ሰባ" አልኩ።

ሰባ! ከአፌ እንዴት ወጣ? ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሳንቲ ዋሽቼ አላውቅም።

"ሰባ!" አለ ቩኮታ፣ ጀርባዬን መታኝ። "አየህ? ሰባ ውሃ ነው እንዴ?" ወደ ሰማይ ተኮሱ። በድልድዩ በኩል ሄዱ። የወንዱ ሙሽራ አባትና እናት ቤት ቀርተው ነው የሚቀበሉት፣ ወጉ እንዲያ ነው። ቀረሁ።

አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ምናልባት ይቆማል። ምናልባት 130 ደርሶ ይቆማል...

ጥቅምት 15፣ ሰኞ

የትናንቱን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አያልፍልኝም።

በአምስት ሰዓት 126። በሰባት ሰዓት 133። በስምንት ሰዓት 141፣ ቀለሙ ተለውጧል። ፀሐይ ወጥቶ ወፍ ይንጫጫል። ኩሽና ገብቼ ቆምኩ። ዞርካ ከሴቶቹ ጋር ሊጥ ትጠብሳለች።

"ዞርካ፣ ዋሽቻለሁ።"

"ምኑን?"

"ቁጥሩን። ሰባ አልነበረም። መቶ አሥራ ስምንት ነበር።"

ማንኪያውን አስቀመጠች። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ባልሻ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ እዚያው ኩሽና መደርደሪያ ላይ ጮኸ። ረስቶት ሄዷል። ቩኮታ ስልክ ኪሱ አይዝም። የኔቬና አይነሳም፣ ሙሽራ የት ትይዘዋለች? ዞርካ ቦት ጫማዬን ከበሩ ጀርባ አንስታ ደረቴ ላይ ወረወረችው።

"ሂድ!"

"አባት ቤት..."

"ሂድ አልኩህ! ወጉን እኔ እጠብቅልሃለሁ!"

በአሮጌዋ ጎልፍ መሻገሪያው ድረስ ነዳሁ። ሲሚንቶው ገና ይታያል፣ ግን መሃሉ ላይ ውሃው መላስ ጀምሯል። ከወዲያ ማዶ ምግብ ቤቱ በር ላይ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። የኔቬና ነጭ ቀሚስ ይታየኛል። ጮህኩ። ፏፏቴው አጠገቤ ነው፣ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁትም። ሁለት እጄን አነሳሁ፣ አወዛወዝኩ። አዩኝ። አባትየው ደስታውን መቋቋም አቅቶት እስከ ወንዝ ወጥቶ ተቀበለን ብለው ነው መሰለኝ እነሱም እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ተኮሱ። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ለክብሬ!

መኪና ውስጥ መግባት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ገባሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር። እጽፈዋለሁ፣ ማን ያየዋል። ሠላሳ አራት እርምጃ ነው። አሥረኛው ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ባቴን። በግራዬ ውሃው ይታጠፍና አይታይም፣ ከዚያ ወዲያ ጭስ ብቻ ነው። ወደዚያ አላየሁም። "እመቤቴ፣ እመቤቴ" እያልኩ ጫማዬን እያየሁ ሄድኩ። ሃያ ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር እግሬን መታኝ፣ እንጨት ነው መሰለኝ፣ ተንበረከኩ። ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

የቩኮታ መኪና ፊት ነበረች። መሪው ላይ አጎንብሶ ሊነሳ ሲል ኮፈኑ ላይ ወደቅኩ።

ወረደ። "አብደሃል እንዴ? አባት ቤቱ ነው የሚጠብቀው! ምን ሆነሃል?"

"በዚህ አትሄዱም።"

"ሰባ አላልክም?"

"ዋሽቼ ነው። ጠዋት መቶ አሥራ ስምንት ነበር። አሁን መቶ ሃምሳን አልፏል።"

አኮርዲዮኑ ቆመ። ሰማንያ ሰው ነበር። ሚሎኛ ወደፊት መጣ፣ ይሄን ጊዜ አልሳቀም። "ልጃችንን የምንሰጠው ለውሸታም ቤት ነው?" አለ።

"ለምን ዋሸህ?" አለ ቩኮታ።

"ፈሪ እንዳትሉኝ።"

እንዲህ ነው ያልኩት። በሰው ሁሉ ፊት። ባልሻ ከኋላ መጣ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "አባዬ፣ ጠዋት ብትነግረን በመሻገሪያው ሄደን በድልድዩ እንመለስ ነበር! አሁን በየት ልንመለስ ነው?" እውነቱን ነው።

ኔቬና ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ መሃላችን ገባች። "ድምፁ ከተለወጠ ቆይቷል። ለአጎቴ ለሚሎኛ ነግሬያቸው ነበር፣ ሙሽራ አትናገርም አሉኝ። እኔ በድልድዩ ነው የምሄደው።"

"በሄድንበት መንገድ?" አለ ቩኮታ። ያ ድምፅ የወንድሜ አልመሰለኝም። "በሄድንበት መንገድ አትመለሺም!"

"ቩኮታ፣ ውሃውን እየው" አልኩት።

"አንተ ውሃውን እይ! እኔ መንገዱን አይቼዋለሁ። በራሴ ሰርግ በረዶ ነው ብለው በሄድኩበት መለሱኝ፣ እሺ ብዬ ተመለስኩ። ሚስቴን ዳኒጻን ዓመት ሳይሞላ ቀበርኳት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምትፈራው?"

አርባ አምስት ዓመት ሆኖታል። ዳኒጻ በወሊድ እንደሞተች ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔ ነኝ መቃብሩን የቆፈርኩት። በረዶውንም አስታውሳለሁ። ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም። እሱ ግን አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያገናኝ ኖሯል። ስንት ሰርግ መራ፣ በስንቱ መንገድ መረጠ፣ እኛ ትዕቢት ነው እንላለን።

እጁን ያዝኩት። ቀዝቅዟል። "ወንድሜ፣ እኔም ፈራሁ" አልኩት።

መሻገሪያው ዓይናችን እያየ ጠፋ። እኔ የሄድኩበት ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ብቻ አለ። አንድ ሙሉ ግንድ ከነሥሩ መጣ፣ ዞረ፣ ወደ ፏፏቴው ወደቀ፣ ሲወድቅ ድምፅ አልሰማንም። ሚሎኛ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ።

ቩኮታ ቆሞ እግሬን ያያል። የረጠበውን ሱሪዬን። ከዚያ እንደ ጠበቃ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"አንተ በየት ነው የመጣኸው?"

"ምን?"

"በየት መጣህ? በድልድዩ ነው?"

"በመሻገሪያው። ስመጣ አላየኸኝም?"

"በመሻገሪያው መጥተህ በድልድዩ ትመለሳለህ። አንተ በመጣህበት አትመለስም።" ባንዲራውን ከያዘው ልጅ እጅ ነጠቀና እጄ ላይ አስጨበጠኝ። "ያዝ! ከፊት ግባ። ሙሽራዋ ካንተ ኋላ ትቀመጥ። ሰርጉን የምትመራው አንተ ነህ፣ ሰርጉ በመጣበት አልተመለሰም። ሰማችሁ?"

ማንም አልተከራከረም። እንደዚያ ያለ ሕግ የለም፣ እዚያው ነው የፈጠረው። ግን ሁሉም ሲያምኑት ያየሁ መሰለኝ። ፈልገው ነበር።

እንዲህ ሆኖ እኔ፣ ኖቪጻ፣ ሱሪዬ ውሃ እያንጠባጠበ በመኪና መስኮት ባንዲራ ይዤ በከተማው መሀል አለፍኩ። ሰው ጡሩምባ ይነፋልኛል። ኔቬና ከኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ነበር፣ ቤት እስክንደርስ አላነሳችውም። ዞርካ ደጁ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ስታየኝ ጥላኝ ወደ ውስጥ ገባች፣ ስታለቅስ እንዳላያት።

ማታ ሲጨፈር ቩኮታ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ምንም አልጠጣም። ባልሻ አላናገረኝም።

ዛሬ ጠዋት 231።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

92። ውሃው ጎደለ። መሻገሪያውን ለማየት ሄድኩ። መሃሉ የለም። ሁለት እርምጃ የሚያህል ሲሚንቶ ተቆርጦ ሄዷል፣ ብረቱ ብቻ ቀርቷል።

መቼ ነው የሄደው? ከኔ በኋላ ነው? እኔ ስረግጠው እየሄደ ነበር? ሃያ ሁለተኛው እርምጃ ላይ የመታኝ እንጨት ነው ያልኩት... ዳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ባልሻ ዛሬም ሰላምታ ብቻ።

ጥቅምት 26፣ ዓርብ

79። ቩኮታ ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ ይደውላል። መሥሪያ ቤቱን ጨርሼ ስዘጋ ጠብቆ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ። እንደምን አደርክ አይልም።

"ሙሽራዋ እንዴት አደረች?"

"ደህና አደረች።"

"አላሳላትም?"

"አላሳላትም።"

"እሺ።" ይዘጋል።

መጀመሪያ ሳቅኩበት። የባንዲራው ዘዴ ለሌላው ሁሉ ሠራ፣ ለሱ ግን አልሠራም። ራሱ የፈጠረውን ሕግ ራሱ አላመነውም። ትናንት "እስከ መቼ ነው የምትደውለው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ዓመት እስኪሞላ" አለ።

ሳቄ ግን ቆይቶ ጠፋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። ሙሽሮቹ የሚኖሩት ላይኛው ፎቅ ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ደረጃው ሥር ቆሜ፣ ጆሮዬን ወደ ላይ ቀስሬ፣ ትተነፍስ እንደሆን ሳዳምጥ ራሴን ያዝኩት። ወንዝ አልበቃኝ ብሎ አሁን ደግሞ መንገድ። ወንድሜ ፍርሃቱን አካፈለኝ።

ኅዳር 5፣ እሁድ

87። ይሄን ቁጥር የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ኮቴን ስለብስ ኔቬና ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፣ የባልሻን ጃኬት ደርባ። "አብሬ ልውረድ" አለችኝ። ቁልቁለቱን ወረድን። ጭጋግ ነበር። መለኪያው ጋ ስንደርስ ዞረች።

"አባባ፣ በየጠዋቱ ደረጃው ሥር ምን ይሠራሉ?"

ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ። "ጫማዬን... ጫማዬን ስፈልግ ነው።"

"ጫማዎ እግርዎ ላይ ነው። ማን ነው በየቀኑ የሚደውለው?"

ነገርኳት። ሌላ ምን ላደርግ? አንዴ ዋሽቼ ያመጣሁትን አውቀዋለሁ። የቩኮታን ጥያቄ፣ ሳሉን፣ ዓመቱን፣ ሁሉንም።

ተቆጣች። "እኔ ወንዝ ነኝ እንዴ? ሁለት ሽማግሌ በየጠዋቱ እየለካችሁኝ ነው የምትኖሩት?"

"ይቅር በይኝ ልጄ።"

ጎንበስ ብላ መለኪያውን አየች፣ 87 አለች፣ ደብተሬን ከእጄ ወስዳ ራሷ ጻፈች። ጽሕፈቷ ከኔ ያምራል። ከዚያ እጇን ዘረጋች። "ስልኩን ያምጡ።" ለመሥሪያ ቤቱ ልትደውል መስሎኝ ሰጠኋት።

ቩኮታ ጋ ነው የደወለችው። ከማዶ ድምፁ ይሰማኛል፣ "ኖቪጻ! ምነው ዛሬ ቀደምክ? ምን ሆነች? ምን ሆነች?" ይላል።

"አጎቴ፣ ኔቬና ነኝ። ደህና አድሬያለሁ። አላሳለኝም።"

ቩኮታ አንድ ነገር አጉተመተመ፣ ይቅርታ ነው መሰለኝ።

"የለም፣ ይቅርታ አይበሉ። ከእንግዲህ ግን እርስዎ አይደውሉ። እኔ እደውልልዎታለሁ፣ በየጠዋቱ ራሴ።" ከዚያ ድምፏን ዝቅ አድርጋ፣ "ሦስት መቶ አርባ አራት ቀን ነው የቀረን" አለችው።

ስልኩን መለሰችልኝ፣ ጃኬቱን እስከ አንገቷ ዘጋች። አላየችኝም።

ሦስት መቶ አርባ አራት። የቀሩትን ቀናት ቁጥር አልነገርኳትም። እሱም አልነገራት። እሷም ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ስትቆጥር ነበር ማለት ነው። እዚያ ላይኛው ፎቅ፣ ብቻዋን።

እጇን ያዝኩ፣ ዳገቱን አብረን ወጣን። ደጁ ላይ ባልሻ በሸሚዝ ብቻ ቆሞ ይጠብቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ "አባዬ፣ ስንት ነው?" አለኝ።

"ሰማንያ ሰባት" አልኩት። "ሚስትህን ጠይቅ፣ እሷ ናት ያየችው።"